ለቡና ማሳ የቱ ይሻላል? ገለፈት፣ ፍግ፣ ዩሪያ፣ ኤንፒኤስ፣ ኖራና ጥላ ዛፍ ሲነጻጸሩ

ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን የሚመጣው ማዳበሪያ በዋናነት ለጤፍ፣ ለስንዴና ለበቆሎ ታስቦ የሚመጣ ነው። ቡና ያለው ገበሬ ከዚያው መጋዘን የደረሰውን ይወስዳል፣ አለዚያ እንደ አብዛኛው የአገራችን ቡና አምራች ምንም ሳያደርግ ይለቅማል። በዚህ መሀል ደግሞ የትል ኮምፖስት ሻጩ፣ ቅጠል ላይ የሚረጭ ፈሳሽ ይዞ የሚዞረው ነጋዴና «አፈርህ ኮምጥጧል፣ ኖራ ያስፈልግሃል» የሚለው ባለሙያ እየበዙ ነው። ሁሉም ከፊል እውነት ይናገራሉ። የቱ ለየትኛው ማሳ እንደሚሆን ግን አንዳቸውም አይነግሩዎትም።

እዚህ የማነጻጽረው የጅማን፣ የኢሉባቦርን፣ የከፋን፣ የሲዳማንና የጌዴኦን ዓይነት ቀይ አፈርና በቂ ዝናብ ያለውን ማሳ በማሰብ ነው። የሐረርጌ ሰው ሒሳቡን ሊጠቀምበት ይችላል፤ ዝናቡ አጠር ስለሚል ጊዜውን ግን ለብቻው ማስላት አለበት።

መጀመሪያ፦ ዛፉ መመገብ ይገባዋል?

ብዙ ብር የሚባክነው እዚህ ጋ ነው። ግንዱ የወፈረ፣ ቅርንጫፉ እላይ ብቻ የቀረና ለዓመታት ያልተገረዘ ቡና ዩሪያ ቢያገኝ የሚያወጣው ቅጠልና የማይረባ ቀንበጥ ነው። እንዲህ ያለውን ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር አስቀርቶ መጎንደል ይቀድማል። የተጎነደለው ከጉቶው ከሚያበቅላቸው ቀንበጦች ሁለት ወይም ሦስት ጠንካሮቹን አስቀርቶ ሌላውን ማንሳት ነው፤ ማዳበሪያ ዋጋውን የሚመልሰው ከዚህ በኋላ ነው። ማሳውን በአንድ ዓመት ሙሉ መጎንደል ገቢን ስለሚያቋርጥ በየዓመቱ ከፋፍሎ መሥራት ይሻላል። ማዳበሪያውም የተጎነደለውን ክፍል ይከተል።

ጥላውም እንዲሁ ነው። ከላይ ያለው ዛፍ ጸሐዩን ከግማሽ በላይ ከከለከለ ቡናው የማያብበው በረሃብ ላይሆን ይችላል። ቅርንጫፍ አሳስቶ አንድ ዓመት ማየት ከማዳበሪያ ይረክሳል።

መመዘኛዎቹ

አማራጮቹን የምመዝናቸው በስድስት ጥያቄ ነው። ከማሳው የወጣውን ይመልሳል ወይ? የአፈሩን ኮምጣጣነት ያባብሳል ወይስ ያረግባል? የማኅበሩን ኦርጋኒክ ሰርተፍኬት ይነካል? ስንት ጉልበትና ስንት ጭነት ይጠይቃል? መቼ መሥራት ይጀምራል? አንድ ኪሎ ንጥረ ነገር በስንት ብር ይወድቃል? ከስድስቱ የሚበልጥብኝ የመጀመሪያው ነው፤ ሰው በብዛት የሚዘለውም እሱን ነው።

ቡናው ከማሳው ምን ይዞ ይወጣል?

አንድ ቶን ንጹሕ ቡና ለማግኘት የሚለቀመው እሸት ከማሳው በግርድፉ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ናይትሮጅን፣ ከ35 እስከ 45 ኪሎ ፖታሲየም፣ ፎስፈረስ ግን 2 ወይም 3 ኪሎ ብቻ ይዞ ይወጣል። በአንድ ሄክታር 7 ኩንታል ንጹሕ ቡና የሚያገኝ ሰው ስለዚህ በየዓመቱ 25 ኪሎ አካባቢ ናይትሮጅንና 28 ኪሎ አካባቢ ፖታሲየም ያስወጣል። ዛፉ ለራሱ እድገት የሚፈልገውና በጎርፍ የሚሄደው ከዚህ ውጭ ነው።

አሁን ወደ መጋዘኑ እንመለስ። ዩሪያ ናይትሮጅን ብቻ ነው። ኤንፒኤስ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ አለው። ሁለቱም ፖታሲየም የላቸውም። ቡናው በብዛት የወሰደው ንጥረ ነገር በሁለቱም ከረጢት ውስጥ የለም ማለት ነው። የት ገባ ቢባል፣ ከሲሶው በላይ በገለፈቱ፣ ማለትም እሸቱ ሲፈለፈል በሚቀረው ልጣጭ ውስጥ ነው፤ ያ ገለፈት ደግሞ መፈልፈያ ጣቢያው ጓሮ ተቆልሎ ወንዝ እየበከለ ነው። ቀይ አፈራችን በተፈጥሮው ፖታሲየም የማያጣ ተብሎ ስለሚታሰብ ነገሩ ለረጅም ጊዜ ችላ ተብሏል። ለዘመናት የተለቀመ ማሳ ግን ቅጠሉ ላይ ምልክቱን ያሳያል፤ የቆየው ቅጠል ጠርዝ ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል።

ሌሎቹ ምልክቶች ደግሞ እነዚህ ናቸው። የቆየው ቅጠል ሙሉ በሙሉ ወደ ቢጫ ከሄደ ናይትሮጅን ጎድሎታል። የቆየው ቅጠል ደም ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ መሀሉ ቢጫ ከሆነ ማግኒዥየም ነው። አዲሱ ቅጠል ገርጥቶ ደም ሥሩ መረብ መስሎ ከታየ ብረት፣ ቅጠሉ ጠቦ ካነሰና አንጓው ከተቀራረበ ዚንክ፣ ጫፉ እየሞተ ጎን ለጎን ቀንበጥ ካበዛ ቦሮን ነው። ምልክት ግን ምርመራን አይተካም፤ የሥር በሽታና ድርቅም ቅጠል ያቢጫሉ።

የእሸት ቡና ገለፈት

ከ6 ኩንታል እሸት አንድ ኩንታል ያህል ንጹሕ ቡና ሲወጣ 2 ኩንታል ተኩል ገደማ እርጥብ ገለፈት ይቀራል። አብዛኛው ውሃ ነው። ሲደርቅ ከሚቀረው ግን ከ100 ኪሎ 3 ኪሎ አካባቢ ፖታሲየም፣ ወደ 2 ኪሎ የሚጠጋ ናይትሮጅን ይገኝበታል። ከላይ ያልነው የ7 ኩንታል ማሳ ገለፈቱን ቢያስመልስ 10 ኪሎ ያህል ፖታሲየም በነጻ አገኘ ማለት ነው።

ትኩሱን ከግንድ ሥር መከመር ስሕተት ነው። ይቦካል፣ ይሞቃል፣ ዝንብ ይጠራል፣ ኮምጣጣ ፈሳሹም ሥር ያቃጥላል። ከደረቅ ቅጠል ወይም ሣር ጋር እየተነባበረ፣ ጥቂት ፍግ ተጨምሮበት፣ በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ እየተገለበጠ ከ3 እስከ 4 ወር ይበስላል። ጊዜው የተመቸ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የተከመረ ገለፈት መጋቢት ላይ ዝናቡ ሲገባ ይደርሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ፖታሲየም በውሃ ይታጠባል። ሳይሸፈን ዝናብ ሲወርድበት የከረመ ክምር መልኩ ጥቁርና ያማረ ኮምፖስት ይመስላል፤ የተፈለገው ፖታሲየም ግን ከሥሩ ፈስሶ ሄዷል። ላስቲክ፣ የእንሰት ወይም የሙዝ ቅጠል፣ የሣር ዳስ፣ የተገኘው ይሁን፤ ብቻ ይሸፈን። ከጣቢያ ጓሮ ሁለት ክረምት ያለፈበትን ገለፈት በብር የሚገዛ ሰው ካለ የሚገዛው የአፈር ማለስለሻ እንጂ ማዳበሪያ እንዳልሆነ ይወቅ።

ችግሩ መጓጓዣ ነው። እሸት የሚሸጥ ገበሬ ገለፈቱን ጣቢያው ላይ ጥሎ ይመጣል። እሸት አራግፎ ባዶውን የሚመለስ አህያ፣ ጋሪ ወይም አይሱዙ ካለ የመልሱ ጭነት ብዙ አያስወጣም። ጣቢያዎቹ ገለፈቱ ስለሚያስጨንቃቸው አብዛኛውን ጊዜ «ውሰዱልን» ይላሉ። ከሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ሜትር በላይ በሰው ሸክም ማመላለስ ግን አያዋጣም፤ ውሃ መሸከም ነው።

የጀንፈል ገለባ

ቡናውን በደረቁ የሚያዘጋጅ ሰው ሲያስፈለፍል ከንጹሑ ቡና ጋር የሚመጣጠን ክብደት ያለው ገለባ ያገኛል። ቀላልና ደረቅ ስለሆነ ለማጓጓዝ ከእርጥቡ ይሻላል፤ ፖታሲየሙም አለበት። ግን ቀስ ብሎ ይበሰብሳል፤ ብቻውን አፈር ውስጥ ከተቀበረም ሲበሰብስ ከአፈሩ ናይትሮጅን ይሻማል። ስለዚህ ወይ ከፍግ ጋር ይከመር፣ ወይ ላዩ ላይ ጉዝጓዝ ይሁን። ጉዝጓዝነቱ ለብቻው ዋጋ አለው፤ አረም ያፍናል፣ በበጋ እርጥበት ይይዛል። መፈልፈያ ቤቶች ለማገዶ ያነድዱታል። አመዱ ፖታሲየሙን እንደያዘ ይቀራል፤ ናይትሮጅኑ ግን በጭሱ ይሄዳል።

ፍግና ተራ ኮምፖስት

ጓሮ ያለው ቡና ለምለም፣ ራቅ ያለው ደግሞ የከሳ የሚሆነው በአንድ ምክንያት ነው፤ የቤቱ ጥራጊ፣ የከብቱ ፍግና አመዱ ሁሉ ደጃፍ ላይ ይቀራል። በጌዴኦ ቡናና እንሰት ከትልልቅ ዛፎች ሥር አብረው የሚኖሩበት ሥርዓት የቆመው በዚህ መመላለስ ነው፤ ያ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሰው ሥርዓቱን ሲያደንቅ ከጀርባው ያለውን የሸክም ጉልበት ይረሳል።

ጉልበቱን በቁጥር እንየው። በ2 ሜትር በ2 ሜትር የተተከለ አንድ ሄክታር 2,500 ዛፍ ይይዛል። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ኮምፖስት ቢባል 125 ኩንታል ነው። በናይትሮጅን ደግሞ፣ ባለ 50 ኪሎው ዩሪያ የያዘውን 23 ኪሎ ናይትሮጅን ለማግኘት 1.5 በመቶ ናይትሮጅን ካለው ደረቅ ኮምፖስት 15 ኩንታል ያህል ያስፈልጋል፤ ከዚያም ላይ በመጀመሪያው ዓመት ለተክሉ የሚደርሰው ከፊሉ ብቻ ነው። «ኮምፖስት ሁሉን ይተካል» የሚለው ወሬ ለግማሽ ሄክታር ጓሮ ይሠራል፤ ለ10 ሄክታር ከብት፣ ጋሪና ብዙ ሰው ይጠይቃል።

በሌላ በኩል ከረጢቱ የማያደርገውን ያደርጋል። ቀይ አፈር ፎስፈረስን አንቆ እንዳይዝ ያግዛል፣ ውሃ ያቆያል፣ ጥቃቅን ንጥረ ነገሮችን ይመልሳል። አመድ ኮምፖስቱ ክምር ውስጥ በብዛት መጨመር የተለመደ ነው፤ አይመከርም። የክምሩ ናይትሮጅን ወደ ጋዝ ተለውጦ ይወጣል። አመዱን ለብቻ ይዞ በቀጥታ ማሳው ላይ መበተን ይሻላል።

የትል ኮምፖስት

ጥራቱ ከተራው ይበልጣል፣ ዋጋውም እንዲሁ። ለችግኝ ጣቢያ አፈር ድብልቅና ለመትከያ ጉድጓድ በጣም ጥሩ ነው፤ ትንሽ ብዛት ስለሚበቃ። የሚያፈራ ቡና ሄክታር ሙሉ በተገዛ የትል ኮምፖስት ማስተዳደር ግን በየትኛውም ሒሳብ አይወጣም። ራስዎ ለማርባት ካሰቡ የቡና ገለፈት ለትሉ ጥሩ ምግብ ነው፤ ሙቀቱና ኩምጣጤው እስኪበርድ ጥቂት ሳምንት አስቀድመው ያብስሉት።

ዩሪያ

ፈጣንና ርካሽ ናይትሮጅን ነው፤ 46 በመቶ። ዋጋው በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ ብሩን እዚህ አልጽፍም። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የከረጢቱን ዋጋ ለ23 ያካፍሉ፣ የአንድ ኪሎ ናይትሮጅን ዋጋ ይመጣል። ኮምፖስት የሚሸጥልዎትንም በዚሁ ይለኩት። ለአንድ ዛፍ 50 ግራም ቢደረግ ለ2,500 ዛፍ 125 ኪሎ፣ ማለትም ሁለት ከረጢት ተኩል ይሆናል።

ሁለት ጉድለት አለው። አንዱ ደረቅ ቅጠል ላይ ተበትኖ ከቆየ በአሞኒያ ጋዝነት መጥፋቱ ነው፤ አፈሩ እርጥብ ሲሆን ተደርጎ ወዲያው መሸፈን አለበት። ሁለተኛው በዓመታት ውስጥ አፈሩን ይበልጥ ማኮምጠጡ ነው። ፒኤቹ (የኮምጣጣነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይብሳል) አስቀድሞ ከ5 በታች በሆነ ማሳ ላይ ዩሪያ ብቻ እየደረደሩ መቀጠል ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት ይጨምራል፣ በኋላ ግን ሥሩ አይሠራም። ፖታሲየም ሳይመለስ ናይትሮጅን ብቻ ሲበዛም ዛፉ አንድ ዓመት ከአቅሙ በላይ አፍርቶ ቅርንጫፉ ከጫፍ ይደርቃል። ጥላ በሌለው ቡና ላይ ይህ ይብሳል።

ኤንፒኤስ

እ.ኤ.አ. በ2010ሮቹ አጋማሽ ዳፕ የሚባለውን የቀድሞ ማዳበሪያ የተካው ይህ ማዳበሪያ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ በማዳበሪያ አቆጣጠር የተሰላ ፎስፌትና 7 በመቶ ድኝ አለው። አንዱ ከረጢት 9.5 ኪሎ ናይትሮጅን ብቻ ይዟል፤ ከዩሪያው ግማሽ እንኳ አይሆንም። ፎስፈረሱ ደግሞ ወደ ንጹሕ ፎስፈረስ ሲመለስ ከ8 ኪሎ በላይ ሲሆን፣ የ7 ኩንታሉ ምርት ይዞ የሚወጣው ግን 2 ኪሎ ገደማ ነው። ቀይ አፈር ብዙውን ስለሚይዝበት ከሚወጣው በላይ መስጠት ያስፈልጋል፤ ቢሆንም ለሚያፈራ ቡና በየዓመቱ ኤንፒኤስ መደርደር ብዙም ትርጉም የለውም። ቦታው የመትከያ ጉድጓድ፣ ሥር የሚያወጣው ወጣት ቡናና ምርመራ ፎስፈረስ ጎድሏል ያለው ማሳ ነው።

ፖታሽ

የፖታሲየም ክሎራይድ ከረጢት 60 በመቶ ፖታሽ፣ ማለትም በማዳበሪያ አቆጣጠር የተሰላ ፖታሲየም ይዟል፤ ጥቂቱ ብዙ ይሠራል። በየቀበሌው መጋዘን ግን አይጠበቅም። ትልቅ እርሻ ያለው ሰው በምርመራ ተደግፎ ቢፈልገው ያዋጣዋል። አነስተኛው ገበሬ ይህን ከማሳደዱ በፊት ገለፈቱንና የቤቱን የእንጨት አመድ ይጨርስ። ላስቲክ ወይም ቀለም የተቀባ እንጨት የተቃጠለበት አመድ አይሁን።

ኖራ

ኖራ ምግብ አይደለም፤ ኮምጣጣነትን ያረግባል፣ ካልሲየምም ይጨምራል። ቡና መጠነኛ ኮምጣጣነትን ይወዳል። ፒኤቹ 5.5 አካባቢ ከሆነ ብርዎን ኖራ ላይ አያፍስሱ። ከ5 በታች ሲወርድ አልሙኒየም ሥሩን ስለሚጎዳና ፎስፈረስ ስለሚታሰር ያኔ ያስፈልጋል፤ መጠኑንም የሚወስነው ላቦራቶሪ እንጂ ግምት አይደለም።

ስንዴ ላይ የሚሠራው አሠራር ግን ቡና ላይ አይሠራም። ኖራ ከአፈር ጋር መደባለቅ ይፈልጋል፤ የቡና መጋቢ ሥሮች ደግሞ ላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ናቸው። የቆመ ቡና መሀል በዶማ መቆፈር ሥር መቁረጥ ነው፤ ቁስሉም ቡናን ለሚያደርቀው የፈንገስ በሽታ በር ይከፍታል። ስለዚህ ኖራ ከሁሉ የሚጠቅመው ከተከላ በፊት ጉድጓዱ አፈር ውስጥ ሲደባለቅ ነው። ለቆመው ቡና በትንሽ በትንሹ ላዩ ላይ ተበትኖ ዓመታት ይጠበቃል። ከመጠን ካለፈ ብረትና ዚንክ ይታሰራሉ፤ አዲሱ ቅጠል ይገረጣል። ኖራና ዩሪያን በአንድ ሳምንት አያድርጉ፤ ጥቂት ሳምንታት ያራርቋቸው።

ጥላ ዛፍና ጥራጥሬ

ሰሳ፣ ብርብራና ቆርች ናይትሮጅን ከአየር የሚይዙ ናቸው፤ ዋንዛ አይይዝም፣ ቅጠሉ ግን ጥሩ ጉዝጓዝ ነው። ባሕር ዛፍ ከቡና አጠገብ ቦታ የለውም። ጥላ ዛፍ ውጤቱ በዓመታት የሚመጣ፣ አንዴ ከመጣ ግን በየዓመቱ ግዢ የማይጠይቅ አማራጭ ነው። ወጣት ቡና መሀል ቦሎቄ መዝራት መሬቱን ይሸፍናል፣ ለቤትም ይተርፋል፤ ከግንዱ ራቅ ይበል፣ ገለባውም እዚያው ይቅር። ገለባውን ለከብት ወስዶ ፍጉን ሌላ ማሳ ላይ የሚያደርግ ሰው ከቡናው እየወሰደ ነው።

ቅጠል ላይ የሚረጭ ፈሳሽ

ጠርሙሱ ላይ ያለውን መቶኛ ያንብቡ። 10 በመቶ ናይትሮጅን ያለው አንድ ሊትር በግርድፉ 100 ግራም ናይትሮጅን ነው። ማሳው በዓመት 25 ኪሎ እያስወጣ በዚህ አይመገብም። የዚንክ ወይም የቦሮን ጉድለት በምርመራ ሲረጋገጥ ግን ርጭት ትክክለኛው መንገድ ነው።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| አማራጭ | በዋናነት የሚሰጠው | መቼ ይሠራል | የብር ወጪ | ጉልበትና ጭነት | ኦርጋኒክ ውስጥ |
|---|---|---|---|---|---|
| የበሰለ እሸት ገለፈት | ፖታሲየም፣ ናይትሮጅን | በዚያው ዓመት ከፊሉ | ትንሽ | ከባድ | ይፈቀዳል |
| የጀንፈል ገለባ | ፖታሲየም፣ ጉዝጓዝ | ቀስ ብሎ | ትንሽ | መካከለኛ | ይፈቀዳል |
| ፍግና ኮምፖስት | ሁሉንም በትንሹ | ከ1 እስከ 3 ዓመት | ትንሽ | በጣም ከባድ | ከቤት ከብት ይፈቀዳል |
| የትል ኮምፖስት | ሁሉንም፣ በጥራት | በወራት | ከፍተኛ | ቀላል | ይፈቀዳል |
| ዩሪያ | ናይትሮጅን | በሳምንታት | መካከለኛ | ቀላል | አይፈቀድም |
| ኤንፒኤስ | ፎስፈረስ፣ ጥቂት ናይትሮጅን፣ ድኝ | በወራት | ከፍ ያለ | ቀላል | አይፈቀድም |
| የፖታሲየም ክሎራይድ | ፖታሲየም | በሳምንታት | ከፍ ያለ | ቀላል | አይፈቀድም |
| የእንጨት አመድ | ፖታሲየም፣ ካልሲየም | በወራት | የለም | ቀላል | ይፈቀዳል |
| ኖራ | ኮምጣጣነት ያረግባል | ከ1 ዓመት በላይ | መካከለኛ | ከባድ | የተፈጥሮው ይፈቀዳል |
| ጥላ ዛፍ | ናይትሮጅን፣ ቅጠል | ከዓመታት በኋላ | ትንሽ | ቀላል | ይፈቀዳል |

ሠንጠረዡ ስለ ኦርጋኒክ የሚለው አጭር ነው፤ ላብራራው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 2018/848 ከጃንዋሪ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን፣ ለቡና ዓይነት ቋሚ ተክል ከመጀመሪያው የኦርጋኒክ ለቀማ በፊት ቢያንስ 3 ዓመት የሽግግር ጊዜ ይጠይቃል። ሰርተፍኬት ያለው ማኅበር አባል ሆነው አንድ ከረጢት ዩሪያ ቡና ላይ ካደረጉ የሚጠፋው የራስዎ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የጎረቤትዎም ጭምር አደጋ ላይ ይወድቃል። ለበቆሎ የወሰዱት ከረጢት ጎተራ ውስጥ መገኘቱም ጥያቄ ያስነሳል፤ ከመውሰድዎ በፊት የማኅበሩን የውስጥ ተቆጣጣሪ ያነጋግሩ። ሰርተፍኬት ሳይኖርዎት፣ ገዢውም ለዚህ ተብሎ ጭማሪ ሳይከፍልዎት «ቡናዬ ኦርጋኒክ ነው» ብለው ዩሪያን መሸሽ ግን ያለ ምክንያት ምርት ማጣት ነው።

ለማን የቱ?

*ግማሽ ሄክታር ጓሮ፣ ጥሬ ብር የለም።* ጉንደላ፣ ፍግ፣ አመድና ጉዝጓዝ። ኮምፖስቱ ለሁሉም ዛፍ ካልበቃ ለሁሉም ትንሽ ትንሽ አይበትኑ፤ ለተጎነደለውና በደንብ ለሚያፈራው ይስጡ።

*እሸት ሻጭ፣ ጣቢያው ቅርብ።* ገለፈት ማስመለስ ከሁሉም ይቅደም። ሰርተፍኬት ከሌለ ጥቂት ዩሪያ ይጨመርበት፤ ገለፈቱ ፖታሲየሙን፣ ዩሪያው የጎደለውን ናይትሮጅን ይሸፍናሉ። ከሁሉም ጥምረት የምመርጠው ይህን ነው፤ ከኤንፒኤስ ይልቅ ብሩን እዚህ ቢያውሉት ይሻላል።

*የኦርጋኒክ ማኅበር አባል።* ገለፈት፣ ፍግ፣ አመድ፣ ናይትሮጅን የሚይዝ ጥላ። ማኅበሩ የራሱ ጣቢያ ካለው ገለፈቱን አብስሎ ባቀረቡት እሸት መጠን ለአባላት እንዲመልስ በጉባኤ ይጠይቁ።

*ቀይ ኮምጣጣ አፈር ላይ አዲስ ተከላ።* ኖራና ኤንፒኤስ ትክክለኛ ቦታቸው እዚህ ነው። ጉድጓዱን ከ2 እስከ 3 ወር አስቀድመው ያስቆፍሩ፣ ላይኛውንና ታችኛውን አፈር ይለዩ። ኖራውን ቀድመው ይደባልቁ፤ ኮምፖስቱንና ጥቂት ኤንፒኤሱን ሲተከል ይጨምሩ። ጥላ ዛፉም ያኔውኑ ይተከል።

*ሰፊ እርሻ ያለው ባለሀብት።* ያለ አፈርና ቅጠል ምርመራ አይግዙ። የአፈር ናሙናው ከ15 እስከ 20 ነጥብ፣ ከቅርንጫፍ ሥር፣ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይወሰድና በፕላስቲክ ባልዲ ይደባለቅ። ቅጠሉ ከሚያፈራ ቅርንጫፍ፣ ከጫፍ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ጥንድ ይሁን። ጅማ፣ በደሌ፣ ነቀምቴና ሐዋሳ የአፈር ላቦራቶሪ አለ። ዩሪያና ፖታሽ ለዚህ ስፋት አይቀሬ ናቸው፤ የራሱ መፈልፈያ ያለው እርሻ ገለፈቱን ካልመለሰ ግን ከውጭ የመጣ ፖታሽ እየገዛ የራሱን ወንዝ ውስጥ እየጣለ ነው።

*ማሳው ጅማ፣ ባለቤቱ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ።* የሚቆጠርና በፎቶ የሚታይ ሥራ ይምረጡ። የተጎነደለ ረድፍ፣ የተከመረና የተሸፈነ ገለፈት፣ የተተከለ ጥላ ዛፍ ይታያል። ከመጋዘን የወጣ ዩሪያ ቡናው ሥር መድረሱን ግን ከሩቅ ማረጋገጥ ከባድ ነው።

አደራረግ

በደቡብ ምዕራብ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ ዩሪያን ሁለት ወይም ሦስት ቦታ መክፈል ይቻላል፤ ከአበባ በኋላ መጋቢት ወይም ሚያዝያ፣ ከዚያ ሰኔ፣ ሦስተኛው መስከረም። በሐምሌና ነሐሴ ከባድ ዝናብ መሀል አይደረግ፤ ይታጠባል። በሲዳማና በጌዴኦ በልጉ ዋናው መግቢያ ነው።

ቦታው የግንዱ ሥር አይደለም። የቅርንጫፉ ጫፍ መሬት ላይ የሚያርፍበትን ክብ ተከትሎ፣ ደረቁን ቅጠል ገለል አድርጎ፣ ጥልቀት በሌለው ፈር ተደርጎ ይሸፈናል። ተዳፋት ላይ ከዛፉ በላይኛው በኩል በግማሽ ክብ ይደረግ። መጠኑን በእጅ አይገምቱ፤ 50 ግራም ሱቅ ላይ አንዴ አስመዝነው የያዘውን ጣሳ በሚስማር ጭረት ምልክት ያድርጉበት፤ ሠራተኛው በዚያ ይስፈር።

የመረጡት መሥራቱን ለማወቅ ሁለት ረድፍ ምንም ሳያደርጉ ይተዉ፣ ግንዱን ቀለም ይቀቡ፣ እሸቱን ለብቻ አስለቅመው ይመዝኑ። ቡና አንድ ዓመት በዝቶ በሚቀጥለው ስለሚያንስ የአንድ ዓመት ሚዛን አያታልልዎት፤ ሁለት ለቀማ ደምረው ያነጻጽሩ።